የእድራችን ባትሪ በድምፅ ብልጫ

1

«እኔ ያልኩት መቶ ከስድሳ ይበልጣል ነው። ይኼ ምኑ ያከራክራል?»

ይህን ያሉት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ሥዩም ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባትሪዎች ተቀምጠዋል። ነጋዴው አንዱን መርጣችሁ ሌላውን መልሱልኝ ብሎ ነው የሰጠን። ዋጋቸው እኩል ነው።

2

አንባቢ ሆይ፣ ከመሐል የጀመርኩት አርፍጄ ስለደረስኩ ነው። መቀጫዬን ከፍያለሁ።

3

አንደኛው ባትሪ፦ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት።

ሁለተኛው ባትሪ፦ 24 ቮልት፣ 60 አምፒር-ሰዓት።

የድንኳኑ አምፖሎች በሁለቱም ይሠራሉ። ምን ያህል ኃይል እንደሚይዙ የሚናገረው ዋት-ሰዓታቸው የትኛውም ላይ አልተጻፈም። ቢጻፍ ኖሮ ሁላችንም በጊዜ ወደ ቤታችን እንገባ ነበር።

4

ጋሽ ውቤ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሐኪም ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ሰፈሩም ያውቃል።

ባለፈው ሐዘን ላይ መብራት ጠፋ፣ የድንኳኑም አሮጌ ባትሪ ወዲያው ደከመ። ለቀስተኛው በዳበሳ የሰው ጃንጥላና የሰው ነጠላ እየያዘ ወጣ። ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ቀረች።

ጋሽ ውቤ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የቱ ነው ረዝሞ የሚያበራው? ባለቤቴ ብርቄ ጨለማ ትፈራለች።»

5

ጸሐፊያችን ወይዘሮ ማንያህልሻል አምፒር-ሰዓቱን በቮልቱ ማባዛት ነው አሉ። አንደኛው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዋት-ሰዓት ይሆናል፣ ሁለተኛው አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ። ማንም ፊቱ አልተለወጠም። ስለዚህ እድርተኛ በሚገባው መንገድ መጡ።

«መቶ ሰው አንዳንድ ወንበር ይዞ ቢመጣ፣ ስድሳ ሰው ደግሞ ሁለት ሁለት ይዞ ቢመጣ፣ የቱ ድንኳን ብዙ ሰው ያስቀምጣል?»

አቶ ሥዩም በጣታቸው ቆጠሩ።

6

«የስድሳው» አሉ አቶ ሥዩም በመጨረሻ።

ተገላገልን ብለን ተነፈስን።

«ግን እትዬ ማንያህልሻል፣ እውነቱን እናውራ። እርስዎስ ቢሆኑ በመቶ ሰው ነው ወይስ በስድሳ ሰው መቀበር የሚፈልጉት?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዱ፣ ስድሳ ሰው ለክርስትና እንጂ ለቀብር አይበቃም አለ። ሌላዋ፣ ለቀስተኛ ሁለት ወንበር ማሸከም ነውር ነው አሉ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ሰዎቹ ምሳሌ እንደሆኑ ለማስረዳት ሞከሩ። ምሳሌም ቢሆን ሰው ነው ተባሉ።

7

ድምፅ ተሰጠ። መቶው አሸነፈ።

ቀጣዩ አጀንዳ ለባትሪው ልብስ ይሰፋለት ወይ የሚል ነበር። ይሰፋለት በሚለው ሁሉም ተስማማ። ጥቁር ይሁን ያሉት ከአረንጓዴዎቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ጋሽ ውቤ ወንበራቸውን አጥፈው ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወጡ።

አቶ ሥዩም፣ ጥቁሩን የሚደግፍ እጁን ያውጣ አሉ።

8

ወይዘሮ ብርቄ የቤታቸው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ነበር። የትኛው ተመረጠ ብለው ጠየቋቸው።

«መቶው» አሉ ጋሽ ውቤ። «አንቺ ሻማ ገዝተሽ አስቀምጪ።»