ቁስቋም በር ላይ የተለወጠው ቡትስ

ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። ፊቱን ቆይቼ እደርስበታለሁ። እናቴ ነውር ነው ትለኛለች፤ እኔ ግን ጫማ ሰፊ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ጎንደር ውስጥ ሴት ጫማ ሰፊ ሲባል ሰው ይስቃል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ልጅ፣ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ያላት፣ ፒያሳ ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ማስቲሽ ስትቀባ ስትውል ደግሞ የባሰ ይስቃል። ይሳቅ፣ ደንታዬም አይደል። አባቴ አቶ አምሐ ግን አይስቅም። ዝም ብሎ ያየኛል፤ እሱ ነው የሚከብደኝ። በመስከረም ጠራኝና እንዲህ አለኝ፦

«ቃልኪዳን፣ እስከ ቁስቋም በዓል እታገሥሻለሁ። እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው እንኳ ‹ለኔም ሥሪልኝ› ብሎ ካልመጣ፣ ሰኞ ጠዋት ያገኘሁልሽን የቢሮ ሥራ ትጀምሪያለሽ።»

እሺ አልኩ። አባቴን መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ደግሞም ልቤ ሞልቶ ነበር፤ ምክንያቱም የጓደኛዬ የምናለ ባንድ የመጀመሪያ ዝግጅቱን ፒያሳ ካለ አንድ አዳራሽ የሚያቀርበው በዚያው በቁስቋም ዕለት ነበር፣ የሚጫወተውም የኔን ጫማ አድርጎ ነው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ዓምና ምናለ አንድ የቆየ ቪዲዮ አሳየኝ። የዛሬ ስልሳ ዓመት ግድም የነበሩ የለንደን ወጣቶች ናቸው፤ «ሞድ» ይባሉ ነበር። ቀጭን ሱሪ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ ጠባብ ኮት፣ መስታወት የተደረደረበት ቬስፓ። አለባበሱን ከጣልያኖች ቀድተው፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ሰምተው፣ የራሳቸው ያደረጉ ልጆች። ዛሬ አርጅተዋል፤ ግማሾቹም አልፈዋል። የለበሱትና የተጫሙት ግን እስካሁን በየአገሩ ይለበሳል፣ ምናለ እንደሚለው ሙዚቃቸውም በየባንዱ ጊታር ውስጥ አለ። እኔ ሌላው ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያበቃው ቡትስ ነው፦ ስዊድ የሚሉት ለስላሳ ቆዳ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት የማሰሪያ ቀዳዳ፣ ወፍራም ሶል፣ በቃ። አንድም ትርፍ ነገር የለበትም። አይቼው እጄን በላኝ። የዚያኑ ዕለት ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት ፎርማ ፍለጋ ወጣሁ።

ባንዱም አብሮኝ አበደ። ቅዳሜ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ኮቶቹን ሰፋ። ምናለ የአጎቱን አሮጌ ቬስፓ አስነሥቶ ፊቷን በመስታወት ሞላው፤ የፒያሳ ልጆች «ጸጉር ቤት ከፈትክ እንዴ?» እያሉ አላስቆም አላስቀምጥ አሉት። እኔ ደግሞ ለጊታር መቺው ለምናለ፣ ለዘፋኟ ለሃና፣ ለሳክስፎን ነፊው ለኪሩና ለድራም መቺው ለሰውአገኝ አራት ቡናማ ቡትስ ሠራሁ። የሰውአገኝ እግር ትልቅነቱ የጉድ ነው፤ ለሱ ብቻ የሚሆን ፎርማ ማስጠረብ ነበረብኝ።

«ለዝግጅቱ አቆዩት፤ በዓል ላይ እንዳታደርጉት» ብዬ ለመንኳቸው። ማን ሰምቶኝ! በቁስቋም ጠዋት አራቱም ቡትሳቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳገቱን ሲወጡ እያዩ የሚሄዱት እግራቸውን ነው። እኔም ከኋላ ሆኜ እግራቸውን እያየሁ ሄድኩ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማ ወለቀ። ወንዶቹ በወንዶች በር፣ እኔና ሃና በሴቶች በር ገባን። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በእልልታ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ሰባት ሰዓት አልፏል። የኔና የሃና ጫማ በቦታው ነበር። በወንዶቹ በር በኩል ግን የሰውአገኝን ድምፅ ሰማሁ።

«ኧረ ስገባ አዲስ ነበር!»

ሮጥኩ። ሰውአገኝ በባዶ እግሩ ቆሞ አንድ ጥንድ ቡትስ በሁለት እጁ ይዟል። ቡናማ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ያበቃል። ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለው። ግን ያረጀ ነው፤ ቆዳው ከመታሸት ብዛት ያብለጨልጫል፣ አፍንጫው ተጣጥፏል።

«ቅዳሴው ይህን ያህል ረዝሟል እንዴ?» አለ ኪሩ፣ ሳቁን ሊይዝ አልቻለም።

«ሰው ወስዶብኛል ስልህ!»

እኔ ግን አልሳቅሁም፣ አልተቆጣሁምም። ጫማውን ነጠቅሁት። ገለበጥኩት። ሶሉ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ሳያልቅ አልቀረም። ስፌቱ የእጅ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ። አቆራረጡ ግን፣ የቁርጭምጭሚቱ መስመር፣ የምላሱ አቀማመጥ፣ ከለንደን አመጣሁት ብዬ ስኩራራበት የነበረው ያው ቡትስ ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ቁስቋም በር ላይ፣ እኔ ሳልወለድ የተሰፋ ቡትስ!

በሩ ላይ ጧፍ የሚሸጡት ወይዘሮ የትነበርሽ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ይሄማ የአያ የሻው ነው። የኮሶዬው። በዓል በመጣ ቁጥር ይሄን ነው አድርጎ የሚመጣ። አሁን ነው መኪና እንዳያመልጠው ሲሮጥ የወጣ፤ ከደጄም አልራቀ።»

ምናለ አየኝ። ዝግጅቱ አሥር ሰዓት ነው። አባቴ ይመጣል፤ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ጋር ከፊት ይቀመጣል። ሦስቱ በአዲስ ቡትስ አንዱ በነጠላ ጫማ ሆነው ሲወጡ ታየኝ። የቢሮው ወንበር ታየኝ።

«ቬስፓዋን አስነሣ» አልኩት።

መናኸሪያ ስንደርስ የኮሶዬው መኪና ወጥቷል። ተከተልነው። ቬስፓዋ ለከተማ እንጂ ለኮሶዬ ዳገት አልተፈጠረችም፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን ካለፍን በኋላ በእግር የሚሄድ ገበሬ ሁሉ ሰላም እያለን እኩል ነው የምንጓዘው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ነጠላዬ ከኋላዬ ይውለበለባል፣ አሮጌው ቡትስ በፌስታል ሆኖ ጭኔ ላይ ነው፣ በመስታወቶቹ ሁሉ ውስጥ የኔው ፊት ይታየኛል፤ በሁሉም ውስጥ ጥርሴን ገልጫለሁ። ምናለ «ምን ያስቅሻል?» ብሎ ጮኸ። «ዝም ብለህ ንዳ!» አልኩት።

ኮሶዬ ከመንገዱ ዳር ካለ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘናቸው። አያ የሻው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ እግራቸውን ዘርግተው ቡትሱን ያያሉ። የኔን ቡትስ። መስታወታሙን ቬስፓ ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ባለቤቶቹ መጣችሁ! ሌባ አይደለሁም ልጆቼ፣ በቁስቋም!»

«ኧረ አያ፣ ማን አልዎት?» አልኳቸው።

«ዓይኔ እንደ ድሮው አይደል። ሰው ይጋፋኛል፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው፣ እግሬን ዶልሁና ሮጥሁ። ወለቃ ላይ እግሬ ሲሞቀኝ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ባይ ታድሷል! መጀመሪያ ታምር መሰለኝ። ኋላ ‹ኧረ የሻው፣ እመቤታችን ጫማ ስትሰፋ የት አይተሃል?› አልሁና አፈርሁ። ብመለስ መኪና የለም። የምትመጡ ከሆነ ብዬ እዚሁ ቁጭ አልሁ።»

ፌስታሉን ከፈትኩ። «ይህን ማን ሠራልዎት?»

ፊታቸው በራ። ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ተቀመጡ፣ ከጎናቸውም አስቀመጡኝ። በሃያ ዓመታቸው ጎንደር ፒያሳ ሆቴል ቤት አስተናጋጅ ነበሩ። አንድ እንግሊዛዊ አስተማሪ እንዲህ ያለ ቡትስ ነበረው፤ ሶሉ ሲላቀቅበት ላቀው ለሚባል ጫማ ሰፊ ሰጠው። ላቀው ጠግኖ ከመመለሱ በፊት አቆራረጡን በካርቶን ላይ ቀዳው።

«በወሩ የፒያሳ ጎረምሳ ሁሉ አደረገው። ሱሪያችን ደግሞ ጠባብ! እናቴ ‹ምነው ልጄ፣ እላይህ ላይ ነው እንዴ የሰፉት?› አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ ይዞራል፣ እኛ ትዊስት እንጨፍራለን። የኔን ጭፈራ ሊያይ ሰው ከአዘዞ ይመጣ ነበር። ኋላ ዘመኑ ከፋ። ላቀውም ሞተ። እኔም ወደ አገሬ መጥቼ ሞፈሬን ያዝሁ። ቡትሱን ግን ለበዓል ብቻ አደርገዋለሁ።»

መጀመሪያ ቀናሁ፣ ደብቄ ምን አገኛለሁ። እኔ መጀመሪያዋ ነኝ ብዬ ስንት ተንቀባርሬ! ቀጥሎ ግን እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ደስ አለኝ። አባቴ «ይህ የጎንደር ሰው ጫማ አይደለም» ይለኝ ነበር። እነሆ የጎንደር ሰው፣ በሰማንያ ዓመቱ ጫፍ ላይ፣ ቡትሱን እየተጫማ!

አያ የሻው ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን መፍታት ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው የሚፈቱት። አንዱን ፈትተው በመዳፋቸው ቆዳውን ዳበሱት።

«ሸጋ ነው። ላቀው የተነሣ መሰለኝ። ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። አላመኑኝም። እጄን ያዙና ገለበጡት፤ መርፌ የበሳውን፣ ክር የከረከረውን ጣቴን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ እጄን ሳሙት። ሽማግሌ እጄን ሲስመኝ የምገባበት ጠፋኝ።

«አይፍቱት» አልኩ። «የርስዎ ነው። ግን አሁኑኑ ከኛ ጋር ይመጣሉ፤ ልጆቹ ሙዚቃ ሊጫወቱ ነው።»

«ሰውአገኝስ?» አለ ምናለ ደንግጦ።

«የላቀውን ያደርጋል። በልኩ ነው፤ አያ የሱን አድርገው ሮጠው የለ?»

«ቬስፓዋ ሦስት ሰው አትጭንም።»

«እኔ እቀራለሁ።»

አያ የሻው ለአፍታ አላቅማሙም። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ከምናለ ጀርባ ጉብ አሉ፣ ፌስታሉን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ምግብ ቤቱ በሙሉ ወጥቶ እልል አለ። ቁልቁለቱን ተፈተለኩ።

እኔ መኪና ጠብቄ ጠብቄ፣ በመጨረሻ ድንች የጫነ አይሱዙ አሳፈረኝ። ሹፌሩ እያዘገመ፣ እኔ በልቤ እየገፋሁት፣ ፒያሳ ስወርድ አሥር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ከውጭ የኪሩ ሳክስፎን ይሰማል። በሩጫ ገባሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መጀመሪያ ወደ ሰውአገኝ እግር አየሁ። አይታይም። ትልቁ ከበሮ ከፊቱ ተገትሮ ከጉልበቱ በታች ድፍን አድርጎ ሸፍኖታል። ያን ሁሉ ዳገት የወጣነው ለማይታይ እግር ነው! አንዳችንም፣ ከበሮውን በእጁ ተሸክሞ ያስገባው ሰውአገኝ እንኳ፣ አላሰብነውም። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ።

ሃና በአጭር ቀጥ ያለ ቀሚሷ መሐል ቆማ ቡትሷን መሬት ላይ እየመታች ትዘፍናለች። ሰው ግን ተቀምጦ ነው የሚያየው፤ አባቴም እጁን አጣምሮ። የሚወደውና የማይወደው ሲደባለቅበት እንደዚያ ነው።

ያኔ ሰውአገኝ ምቱን አፈጠነው። አያ የሻው ከፊት ወንበር ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ወደ መሐል ወጡ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ አነሡ፣ ጉልበታቸውን አጠፍ አደረጉ፣ ጀመሩ። ትዊስት ነው። ወገባቸው ወዲህ ጉልበታቸው ወዲያ፣ እየወረዱ እየወረዱ፣ ሰው «ኧረ ይሰበራሉ!» ሲል መልሰው እየወጡ፣ ፊታቸው ላይ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ፈገግታ። አዳራሹ ጮኸ። አንድ ጡረታ የወጡ ነርስ ከኋላ «የሻው ነው እንዴ? የሆቴል ቤቱ የሻው!» ብለው ነጠላቸውን ጥለው ወደ መሐል ወጡ። ሌሎች ሽማግሎች ተከተሉ፤ ወጣቱ ሁሉ ስልኩን ዘቅዝቆ የሚቀርጸው እግራቸውን ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው እግር ሲያይ ሳይ በሕይወቴ ገና መጀመሪያዬ ነበር፤ ዘለልኩ፣ አጨበጨብኩ፣ አለቀስኩም መሰለኝ።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። ሰውን እየከፈለ ወደኔ መጣ። ፊቱ እንደ ወትሮው ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ከሙዚቃው ድምፅ የተነሣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሰኞ ጠዋት» አለኝ።

እጁን ያዝኩት። «አባዬ፣ እባክህ፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ...»

«ሰኞ ጠዋት ሱቅሽ እመጣለሁ። አርባ ሁለት ነኝ፤ ቀኝ እግሬን ግን ሰፋ አድርጊው።»