የቡሬን መስመር ማን ዘጋው?

ክንዱ አዳራሹ ውስጥ ለግምገማ ቆሟል። አቻምየለሽ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ጠዋት የጻፈችውን ፕሮግራም ትመረምራለች። ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ነውና የሰብሳቢው የአቶ ገነነ ድምፅ አንድም ሳይቀር ይሰማታል።

«የበላይ አመራር እየተናገሩ የቡሬን መስመር የዘጋኸው ማን ልኮህ ነው?»

ጠዋት ከላይ የመጣው ስብሰባ ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ቢሮ በኩል ለየወረዳው በስክሪን ይተላለፍ ነበር። የሽንዲ ኮምፒውተሮች ቫይረስ ገብቶባቸው መስመሩን ሲያጨናንቁ አቻምየለሽ የሽንዲን የሚዘጋ፣ የቡሬን ክፍት የሚያደርግ ፕሮግራም ጽፋ አስነሳች። የተዘጋው ግን ቡሬ ሆነ። አዳራሽ ሙሉ ገበሬ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቀረ። የቡሬው ባለሙያ ክንዱ «ኧረ እጄንም አላስጠጋሁ!» ቢል ማን ሰምቶት! በምሳ ሰዓት በመኪና ጭነው አመጡት። ምርጫ ደርሷል፤ በዚያ ሰሞን መብራት ቢጠፋ እንኳ ጠላት ይፈለግለታል።

አቻምየለሽ ፕሮግራሟን አምናው ነበር። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጌትኔትባይኔም የሚባል ዝግጁ ተግባር አለ፤ የኔትወርኩን ስም ሲሰጡት የስሞቹን ፋይል አገላብጦ ቁጥሩን ያመጣል። መጀመሪያ ሽንዲን ጠየቀችው፤ ቀጥላ ቡሬን። ከዚያ የኋለኛውን ክፈት፣ የፊተኛውን ዝጋ አለችው። ይኼ ምን ያሳስታል?

አሁን መልሶቹን አንድ በአንድ እንዲያሳያት አዘዘችው። ሽንዲ ስትለው የሽንዲን ቁጥር አሳየ። ቡሬ ስትለው የቡሬን። ወደ ፊተኛው መልስ ተመልሳ ብታይ ግን የሽንዲ ቁጥር የለም፤ እዚያም የተቀመጠው የቡሬ ነው።

ተግባሩ መልሱን የሚያስቀምጥበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። የጎረቤት ቁና በሉት፤ የሰፈሩትን ወደ ጆንያ ሳይገለብጡ ሌላ እህል ከገባበት የፊተኛው አይገኝም። የፊተኛውን መልስ ቀድታ ማስቀመጥ ነበረባት፤ አልቀዳችም። ቡሬን የዘጋችው እሷ ራሷ ናት።

«ግለ ሂስ ያደረገ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል» አለ አቶ ገነነ። «የካደ ግን ጉዳዩ የፖሊስ ነው።»

አቻምየለሽ ክንዱ እንዳያምን ፈራች። ከግምገማ በደህና የወጣ ሁሉ አንድ ነገር አምኖ እንደወጣ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። አትመን፣ አትመን አለች በልቧ።

«ምናልባት… በቸልተኝነት ነካክቸው ይሆናል» አለ ክንዱ።

«ሆን ብየ በል እንጂ።»

«ይሁን። ሆን ብየ ነው።»

አቻምየለሽ ወንበሯን ገልብጣ ሮጠች። ፈርታለች፤ ልጅ አላት፣ ቤት የሚገባው ደመወዝም የሷው ብቻ ነው። ቢሆንም አዳራሹ ውስጥ ገባች።

«አቶ ገነነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! ቡሬን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይምጡና በዓይንዎ ይዩት!»

መጣ። ደጋግማ አስኬደችለት፤ የፊተኛው መልስ በኋለኛው ሲጠፋ አሳየችው። አጎንብሶ በደንብ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ገብቶኛል» አለ።

እፎይ አለች። «እንግዲያ ክንዱ ወደ ቤቱ ይግባ?»

«እንዴት ሆኖ? ሆን ብየ ነው ብሎ አምኗል እኮ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።»

«ያላጠፋውን ነው ያመነው!»

«ማን እመን አለው ታዲያ?»

ክንዱ ተከትሏቸው መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። የሚያየው አቶ ገነነን ሳይሆን እሷን ነበር።

«ምነው ትንሽ ቀደም ብትይ፣ እህቴ» አላት።

አቶ ገነነ ስልኩን አነሳ።

«ወደ ፖሊስ የምትሄደዋ መኪና ለሁለት ሰው ትሁን» አለ።