የጋሽ ሙህዲን ጥያቄዎች

እኔ ኮምፒውተር አልጠላም፤ ሰው እንዲያ ስለሚያወራብኝ ነው አስቀድሜ የምናገረው። በዘጠና ስምንት ዓ.ም. ከራጉኤል ወደ አብነት ሲኬድ ባለው የሀጂ ዘከሪያ የመኪና መለዋወጫ መደብር ኮምፒውተሩን ሥራ ያስጀመርኩት እኔው ነኝ። በሦስት ወር አራት ሺህ ዓይነት ዕቃ መዘገብኩ። ግን ምን ያደርጋል? ደንበኛ መጥቶ «ኩሽኔታ» ሲል ኮምፒውተሩ ስድሳ ዓይነት ይዘረግፍልኝና ዓይኔ ይፈዛል።

ሃያ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዙት የወሎው ሰው፣ ጋሽ ሙህዲን፣ ግን ይጠይቃሉ። መኪናዋ የምትሠራው የት ነው? አፋር በረሃ ነው ወይስ ጣርማበር ዳገት? ምን ትጭናለች? ባለፈው የፈታት መካኒክ ማነው? ከዚያ አንዲት ካርቶን ብቻ ያወርዳሉ፤ ልክ ትሆናለች። ወይ ጊዜ! እሳቸው ሲጠይቁ ቆሞ መስማት እንዴት ደስ ይል ነበር፤ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን ሀጂ ምዝገባው ካለቀ ጋሽ ሙህዲንን ሊያሰናብቷቸው እንዳሰቡ ነገሩኝ። ደነገጥኩ። የሰውየውን ዕውቀት ቢያዩ ያፍራሉ ብዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጋሽ ሙህዲን አጠገብ ተቀምጬ ጥያቄዎቻቸውን ከነመልሳቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁ፤ ለማን፣ ለየትኛው መንገድ፣ ለምን ጭነት። አንድም አልደበቁኝም። ሲደክመኝ «አብሽሪ» ይሉኛል።

ከዚያ ሀጂን ጠርቼ ይህ ሁሉ የጋሽ ሙህዲን ዕውቀት ነው አልኳቸው። ወዲያው አንድ ሾፌር ገባ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩት፣ መልሱን መታሁ፣ ማሽኑ አንዲት ካርቶን መረጠ። ልክ ነበረች።

«ማሻአላህ» አሉ ሀጂ። «እንግዲያው ሙህዲን እስከ ጁምዓ ይበቃዋል።»

ቅንድብ አበጃለሁ ብዬ ዓይን አጠፋሁ። ራሴን ጠላሁት።

ዓርብ ጋሽ ሙህዲን አንዋር መስጊድ ሰግደው ሊሰናበቱኝ መጡ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እንዲቆዩልኝ ብዬ ነው፣ አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። አሁን ጻፊ» አሉኝ። «የኮምቦልቻው በሽር የድሮ መኪናውን ሸጦ አይሱዙ ገዝቷል። የድሮውን ዕቃ እንዳትሰጪው፣ መንገድ ላይ ይቀራል።»

እንባዬ ፊደሉን እየጋረደብኝ ጻፍኩ። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ።