ግማሽ ዕድሜ

አቶ ኪዳነ «ድገሚልኝ» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። በስልክ ያልገባቸውን ሁሉ «እሺ» ብለው ይዘጋሉ። ይህ ጠባያቸው ባይኖር ኖሮ ወንድማቸው መድሃኔም ባልመጣ ነበር።

ረሆቦት የጎረቤታቸው ልጅ ናት። እዚሁ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ስላደገች ሽማግሌውን «አንተ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ለምደውታል። የምትሠራው እሳቸውን ለያዛቸው ካንሰር መድኃኒት በሚዘጋጅበት የኑክሌር ሬአክተር ነው።

«ማክሰኞ ሆስፒታል አፍስፕራክ አለህ፣ ከቀጠሮው እንዳትቀር» አለቻቸው በስልክ። «ግማሽ ዕድሜ ስድስት ቀን ተኩል ብቻ ነው።»

እሷ ያለችው ስለ መድኃኒቱ ነው። እሳቸው የሰሙት ስለ ራሳቸው ቀሪ ዕድሜ ነው።

«እሺ፣ ልጄ» ብለው ዘጉ።

ከዚያ በኋላ ዓለሙ ሁሉ ለሰለሰባቸው። ትራሙ ያለ ድምፅ የሚያልፍ መሰላቸው። ረሆቦት ያጫወተቻቸው፣ በሬአክተሩ ገንዳ ውስጥ በሰማያዊ ብርሃን የሚያበራው ውሃ መንገዱን የሞላው፣ ሰዉም በውስጡ ቀስ እያለ የሚራመድ መሰላቸው። አልፈሩም። የቆጫቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከታናሽ ወንድማቸው ከመድሃኔ ጋር ከተኳረፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የጠቡን ምክንያት ሲያስቡት ጠፋባቸው። ሮተርዳም ደወሉለት።

«የቀረኝ ስድስት ቀን ነው» አሉት።

«ማክሰኞ እመጣለሁ» አለ መድሃኔ።

ማክሰኞ ሆስፒታል የወሰደቻቸው ረሆቦት ናት። ስማቸው የተጻፈበት ብልቃጥ ከወፍራም የእርሳስ ብረት ዕቃ ወጣ።

«ግማሽ ዕድሜ ያልኩህ ይሄ ነው፤ በየስድስት ቀን ተኩሉ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል» አለች። «ለዚህ ነው የምንሮጠው። ድሮ ከሬአክተሩ ወጥቶ በሽተኛው ጋ እስኪደርስ አራት ቀን ይፈጅብን ነበር፤ ዘንድሮ ወደ ሁለት ቀን አወረድነው። ለአንተ ትኩሱ ነው የመጣልህ።»

አቶ ኪዳነ ብልቃጡን አዩት። ከዚያ ነርሷ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሐፍረት ያዛቸው። ወንድማቸውን በሐሰት ሞት ጠርተውታል።

ቤት ሲደርሱ መድሃኔ ሻንጣውን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ሊያቅፋቸው ተነሣ።

«አትጠጋኝ» አሉት። «ጨረር ያለው መድኃኒት ሰውነቴ ውስጥ ነው፤ ለጥቂት ቀን ከሰው አንድ ሜትር ራቅ ተብያለሁ። ደግሞ አልሞትም። ተሳስቼ ነው የጠራሁህ።»

መድሃኔ ገብቶ ወንበር ስቦ፣ በዓይኑ ለክቶ፣ ልክ አንድ ሜትር ላይ ተቀመጠ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ችለናል» አለ። «አንድ ሜትር አያቅተንም።»

አቶ ኪዳነ አጥርተው ሰምተውታል።

«ምን አልክ?» አሉት። «እስቲ ድገምልኝ።»