ክፉዋን የምትሠራው መዳም

ጅዳ ውስጥ የዘምዘምን መዳም የማይጠላ ሰው አልነበረም። ከሁሉም በላይ ምክንያት የነበራት ዘምዘም ራሷ ነበረች፤ መጥላት ያልተፈቀደላትም እሷ ብቻ ነበረች።

መዳም ፈውዚያ ተዋናይት ናት። ፊልምም ይሁን ሙሰልሰል የሚሉት የረመዳን ተከታታይ ድራማ፣ ክፉ ሴት ስትፈለግ የሚደወለው ለእሷ ነው። ምራቷን የምትመርዝ አማት፣ የወንድሟን ልጆች ውርስ የምትነጥቅ አክስት፣ ምኑ ቅጡ! የዚያን ዓመት ረመዳን የሠራችው ግን ከሁሉም ባሰ። ኡም ሻሂን የምትባል፣ የቤት ሠራተኛዋን ቁም ስቅሏን የምታሳይ መዳም ሆና ተወነች። በር ቆልፋባት ትወጣለች፣ ስልኳን ትቀማታለች፣ በሻይ ብርጭቆ ትፈነክታታለች። አገር በሙሉ አፍጥሮ ሲያበቃ ቴሌቪዥን ፊት ተጥዶ "ያ አላህ፣ ይቺ ሰው ናት አውሬ!" እያለ ያለቅሳል። የምትሰቃየዋን ሠራተኛ ሆና የምትጫወተው ደግሞ ፊቷን ቡናማ ቀለም የተቀባች የሀብታም ልጅ ነበረች። እውነተኛ ጥቁር ጠፍቶ ነው እንዳትሉ፣ ጅዳን ሞልቶት ነበር።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? መዳም ያን ሁሉ ክፋት የተለማመደችው ሳፋ ሰፈር ባለው ቤቷ፣ ዘምዘም ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሳሎን መሀል ታቆማትና ወረቀቷን ገልጣ "ዛሬ ሻዩን የደፋሽበት ቀን ነው" ትላታለች። ከዚያ ጥፊ። የምር ጥፊ! "በውሸት ከለመድኩት ካሜራ ፊት እጄ ያሳብቅብኛል" ባይ ናት። ሲጨርሱ ሳቅ ብላ "አመመሽ እንዴ? አይዞሽ፣ ሥራ ነው" ትላታለች። የበሩ ቁልፍና የስልኩ ነገር ግን ልምምድ አልነበረም። እነሱ ድራማው ሳይጻፍም በፊት የነበሩ ናቸው።

አንድ ቀን የዘምዘም ጉንጭ ከሌላው ቀን ብሶ አበጠ። በረዶ በጨርቅ ቋጥራ እንደያዘች እንደምንም ደፍራ ጠየቀቻት።

"መዳም፣ እንዲህ የምትጠይኝ ምን በድዬሽ ነው?"

"ማን አንቺን ጠላሽ?" አለች መዳም፣ ከልቧ ተገርማ። "እኔ እኮ አንቺን አላይሽም። አንቺ ቦታ የሟች ባሌን እናት አቁሜ ነው የምናገረው። ቃሉ የውሸት ነው፣ ልቤ ግን የእውነት ነው። ሰው የሚያምነው ልብን ነው። ለፍቅርም ለእንባም እንደዚያው ነው፤ የምትወጂውን ሰው እዚያ ታቆሚና ለእሱ ትናገሪያለሽ። ኸላስ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።"

ዘምዘም ሰማች። ምን ያደርግልኛል ብላ አለፈችው እንጂ ነገሩስ ልቧ ውስጥ ቀረ።

እሷ ሌላ ጭንቅ ነበረባት። ከአገሯ ከደጋን የመጣችው ሁለት ዓመት ሠርታ ልትመለስ ነበር፤ ይኸው ስድስተኛ ረመዳኗን ይዛለች። እናቷ ከድጃ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም ብዙ አይቆይም ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። አርብ አርብ መዳም ስልኩን ስትሰጣት፣ እናቷ የምትላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አካሌ፣ ብርሃኔ ሳይጠፋ አንዴ ልይሽ።" ከሳዑዲ ለመውጣት ደግሞ የመውጫው ወረቀት፣ ኹሩጁ፣ ከፊል በሚሉት በአስመጪ አሠሪዋ እጅ ነው። የመዳም ባል ከሞተ ወዲህ ከፊሏ መዳም ራሷ ናት። "ከረመዳን በኋላ እናያለን" ትላለች። ከረመዳን በኋላ "ከሐጅ በኋላ"፣ ከሐጅ በኋላ ደግሞ ቀረጻ አለባት።

ረመዳን ሲጋመስ መዳም ዑምራ ልታደርግ ወደ መካ ስትሄድ ዘምዘምን ይዛት ሄደች። ጀርወል አካባቢ ሆቴል ያዙ። ዘምዘም ዕቃ ተሸካሚ መሆኗን ረስታ፣ ካዕባን ስታየው ዕቃውን መሬት ላይ ጣለችው። ስድስት ዓመት ሙሉ የዋጠችውን እንባ እዚያው ዘረገፈችው። "ያረብ፣ የእናቴ ዓይን ሳይጠፋ አድርሰኝ" ብላ ዱዓ አደረገች። ሌላ ምንም አልለመነችም።

መግሪብ ሲቃረብ ከሴቶቹ ጋር ተደርድረው ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት ተምር እያደለች መጣች። መዳም እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ ፊቷን ስታይ ክው አለችና እጇን ሰበሰበች።

"አንቺ! አላህን አትፈሪም? ያቺን ሚስኪን ምን አደረግሻት? ለአንቺ ተምር የለኝም!"

"ያ ኻላ፣ ድራማ እኮ ነው!" አለች መዳም።

"ምን ድራማ ይላል! በዓይኔ አይቼሻለሁ!" አለችና ወደ ዘምዘም ዞረች። "አንቺ ብዪ ልጄ፣ የምታሰቃየው እንዳንቺ ያለችውን ነው።"

ከየአቅጣጫው "እሷ ናት፣ እሷ ናት" መባባል ተጀመረ። መዳም ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። አዛኑ ሲል ዘምዘም መዳፏ ላይ ያለውን ተምር አየች፤ መዳምን አየች። ወይ የሰው አንጀት! ያን ሁሉ ጥፊ የቀመሰችው እሷ ሆና፣ የጾመ ሰው ባዶ እጁን ሲቀመጥ ማየት አልሆነላትም። ተምሩን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለመዳም አጎረሰቻት።

"ሱብሐነላህ" አለች አሮጊቷ፣ "ሠራተኛዋ ትወዳታለች ማለት ነው!" ወዲያው ተምሩም፣ ቡናውም፣ ዱዓውም መዳም ፊት ተከመረ።

ሆቴል ሲገቡ መዳም አባያዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ሰዎቹ የምር ኡም ሻሂን እመስላቸዋለሁ" ብላ አለቀሰች። "ሰው መሆኔን ማንም አያስብም።" ዘምዘም ውሃ አቀረበችላት። የማይሳቅበት ቦታ ሆኖባት ነው እንጂ ሳቅ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር።

መዳም አልቅሳ ሲወጣላት ዓይኗ በራ። "ስሚ ዘምዘም። የቴሌቪዥን ሰዎች የተዋናዮችን ቤት እየዞሩ ያሳያሉ፤ ወደ እኔም ሊመጡ ነው። አንቺን ይጠይቁሻል። ልክ እንደዛሬው አድርጊልኝ። ሕዝቡ እንዲያምን አድርጊ፤ ለዒድ ማግስት ኹሩጅሽን አስጽፍልሻለሁ። ወላሂ! በዚህ ቤት ጌታ!" ብላ በመስኮቱ ወደ ሐረም እጇን ዘረጋች።

መካ ላይ የተማለ መሐላ ነው እንግዲህ። ዘምዘም ከዚህ ወዲያ ምን ማስተማመኛ ትጠይቅ?

ከመካ ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጋዜጠኛው ከካሜራ ሰዎቹ ጋር ሳፋ ወዳለው ቤት መጣ። ዘምዘም አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከመዳም ጎን ተቀመጠች። ጋዜጠኛው እየሳቀ "እውነቱን ንገሪን፣ ኡም ሻሂን ቤት ውስጥ እንዴት ናት?" አላት።

ዘምዘም አንዲት ደግ ቃል ፈልጋ ፈልጋ አጣች። ድንቄም ደግ! ያኔ ጉንጯ ላይ በረዶ በያዘችበት ቀን መዳም ያለቻት ትዝ አላት። በሐሳቧ መዳምን ከወንበሩ አነሳቻትና እዚያ ቦታ ከድጃን አስቀመጠቻት፤ ነጠላዋን፣ የከሳ እጇን፣ የደከመች አንድ ዓይኗን።

"እናቴ ናት" አለች በአረብኛ። "እሷን ሳላይ መኖር አልችልም። ዓይኗን ከማጣ የራሴ ይጥፋ። ሌላ የምሄድበት ቤት የለኝም፣ ቤቴ እሷ ናት።" ጎንበስ ብላ የመዳምን እጅ ሳመች። ስትስመው የተሰማት የከድጃ እጅ ነበር፤ እንባዋም ያለ ልክ ወረደ። ካሜራውን የያዘው ሰውዬ አፍንጫውን ጠረገ። መዳምም አለቀሰች፣ ያውም ሳትዘጋጅ።

በማግስቱ አገር ተገለበጠ። ትናንት "አውሬ" ያላት ሁሉ "ይቅር በይን" እያለ ጻፈላት። ገበያ ስትሄድ ሳሟት። ከዒዱ በፊት ደግሞ አንድ የፊልም ሠሪ ደወለና በዕድሜዋ ማንም ሰጥቷት የማያውቀውን ነገር ሰጣት፤ ደግ እናት ሁኚልኝ አላት።

ዒዱ አለፈ። በማግስቱ ዘምዘም ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ወደ ሳሎን መጣች።

"መዳም፣ ኹሩጁ?"

"የምን ኹሩጅ? አብደሻል?" አለች መዳም። "አሁን ብትሄጂ ምን ይሉኛል? ኡም ሻሂን አባረረቻት ነዋ የሚሉኝ! ፊልሙም ይቀርብኛል።"

"መካ ላይ ምለሻል እኮ!"

"የማልኩት ከልቤ ነበር፣ ወላሂ። እንዲህ ጎበዝ መሆንሽን መቼ አወቅኩ? እኔን እኮ በለጥሽኝ።" ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። "ስለ መሐላዬ አትጨነቂ፣ ሼኹን ጠይቄያለሁ። አሥር ሚስኪን ካበላሁ ይነሳልኛል። ያላ፣ ሩዙን ጣጂ፣ ለዙህር ይመጣሉ።"

ሠራችው፣ ምን አማራጭ አላት! በገዛ ተስፋዋ ላይ የተማለውን መሐላ ማፍረሻ ሩዝ በገዛ እጇ ቀቅላ፣ ሥጋውን ጠብሳ፣ ጀምዓውን አበላች። ሚስኪኖቹ ሲወጡ መዳምን መርቀው ወጡ።

አርብ ደረሰና ስልኩ ተሰጣት። ዛሬስ እውነቱን ለእናቴ እነግራታለሁ ብላ ነበር። መዳም አማርኛ አትሰማ፣ ማን ይከለክላታል? ከወዲያ ግን እናቷ ቀደመቻት።

"አካሌ፣ አየሁሽ እኮ!" አለች ከድጃ። "ከጅዳ የተመለሰው ሸምሱ ዲሹን ከፍቶ ጠራን። ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፌ አየሁሽ። የሴትዮዋን እጅ ስትስሚ አየሁሽ። ያልሽውንም ቃል በቃል ተረጎመልኝ።"

"እማ፣ ውሸት ነው! በይ ስላሉኝ ነው! ልታስወጣኝ ምላልኝ ነው!"

"ተይ ልጄ፣ አታጽናኚኝ።" የከድጃ ድምፅ ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። "ሸምሱ ቢሳሳት እኔ እሳሳታለሁ? የወለድኩትን ድምፅ አላውቀውም? ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስትዋሽ ድምፅሽ ይቀጥናል። አልቀጠነም። እኔን 'እማ' ስትይኝ የነበረው ያ ድምፅ ነው።"

"አንቺን እያሰብኩ ነዋ! አንቺን እዚያ አስቀምጬ! እማ ሙች፣ ስሚኝ!"

"ይሁን፣ ይሁን አካሌ። ሳላውቅ ነይ ነይ እያልኩ ሳጨናንቅሽ ከረምኩ፣ አውፍ በይኝ። እናት ካገኘሽ ደግ ነው፣ እኔ ሰዓዲያ እህትሽ አለችኝ። አንዴ ልይሽ ብዬ ነበር፣ አየሁሽ። ከእንግዲህ አትምጪ።"

ስልኩ ተዘጋ። ዘምዘም መልሳ ብትደውል፣ ብትደውል የሚያነሳ የለም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ አፏን ከፍታ አለቀሰች።

መዳም ስልኩን ልትቀበል መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ጥቂት አየቻት። ዘምዘም በእጇ ጀርባ ፊቷን ልትጠርግ ስትል "ቆይ ቆይ፣ አትጥረጊው!" አለቻት። የአዲሱን ፊልም ወረቀት ከሳሎን አምጥታ፣ ልጇን ያጣች እናት የምታለቅስበትን ገጽ ገለጠች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና አፏ እንዴት እንደሚከፈት፣ ትከሻዋ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ እያየች ማጥናት ጀመረች።