ሳቅ መሃል የተነገረ መርዶ

ተመልካቹ ሁሉ «በርሜል» እያለ የሚጠራው ኮሜዲያን እውነተኛ ቦርጭ የለውም፤ ሆዱ ላይ የሚያስረው ትራስ ነው። ታናሽ እህቱም እዚያው ቴአትር ቤት ተዋናይት ናት። አባታቸው ሁለቱንም ያሳደጓቸው ልብስ እየሰፉ ነው።

የእሑድ ከሰዓቱ ትርኢት ተጋምሷል። በርሜል ለአንድ ቀን መጥቶ አልሄድ ያለ እንግዳ ሆኖ ይጫወታል። እህቱ ደግሞ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ እንግዳውን ለማስወጣት እየሮጠች ገብታ «አባትዎ አረፉ!» ብላ ትዋሻለች። እሱም «ምሳዬን ልጨርስና አለቅሳለሁ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

እህቱ መልበሻ ክፍል ሆና ተራዋን ስትጠብቅ የወንድሟ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናታቸው ናት። በትርኢት ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«እማዬ፣ መድረክ ላይ እኮ ነው።»

«አባትሽ…» አለች እናቷ። «የስፌት መኪናው ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ብጠራው፣ ብጠራው… ቀረ ልጄ!»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው። አዘጋጁ ከኋላዋ ደርሶ «ግቢ እንጂ! ምን ይገትርሻል?» ብሎ ገፋ አደረጋት። እንዴት እንደገባች ሳታውቅ የመድረኩ መብራት ስር ቆማ ራሷን አገኘችው።

በርሜል ሶፋው ላይ ተንጋሎ፣ «ምነው? ጅብ ያባረረሽ ትመስያለሽ» አላት። ሰው ሳቀ።

«አባትዎ» የሚለውን ቃል ማውጣት አቃታት። «አ… አጎትዎ አረፉ» አለች።

ቃሉ የጠፋባት መሰለው። ሊያድናት ብድግ አለ። «እኔ ደግሞ ከየት ያመጣሁት አጎት ነው? አባቴን ልትዪ ነው አይደል? በይ፣ አባቴ ሞተ በይ!»

በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ወረደ።

«በይ እንጂ!»

«አዎ፣ ወንድም ጋሼ» አለች። «አባባ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በርሜል ግን አልሳቀም። ሠራተኛዋ ወንድም ጋሼ አትለውም። እንዲህ የምትለው ቤት ውስጥ ነው።

«መቼ?» አለ፣ በራሱ ድምፅ።

«አሁን። እማዬ ደወለች።»

ከፊት የተቀመጡት ፊታቸውን አይተው ጸጥ አሉ። ከኋላ ያሉት ገና ይስቃሉ። በርሜል ከትራሱ ማሰሪያ ጋር መታገል ያዘ፤ አልፈታ አለው። እህቱ ተንበርክካ ፈታችለት። ትራሱ ዱብ ሲል ከወደ ኋላ አንዱ አጨበጨበ።

«ኧረ ዝም በሉ! እውነት ነው!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

መጋረጃው ተዘጋ። በርሜል ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ፣ «ሞተ በይ ብዬ ያስገደድኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «በገዛ አፌ እኮ ነው!»

«ተው፣ ወንድም ጋሼ። ተው በቃ።»

በፊት ለፊቱ በር ሲወጡ ከተመልካቹ ማንም አልሄደም ነበር። ሁሉም ቆሞ መንገድ ለቀቀላቸው።

እናታቸው በሩን ስትከፍት ልጇ ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ ጉንጩ ቀይ የተቀባ፣ የውሸት ጺሙ በአንድ በኩል የተንጠለጠለ። በድንጋጤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ጺሙን ቀስ ብላ ላጠችለት፤ ቀለሙንም በመሃረቧ ጫፍ ጠረገችለት። እስኪጸዳ ድረስ አላስገባችውም።

«አሁን ግባ» አለችው። «አባትህን ስመው።»