መብረቅና የአማቱ ታክሲ

የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛው "መብረቅ" የተባለው በእጁ ፍጥነት አይደለም፤ በአፉ ነው። አንድ ጊዜ በሞተር ብስክሌት ዲናሞ ሆስፒታል ሙሉ መብራት እንዳበራ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሞተ ባትሪ በቁጣ ብቻ እንዳስነሣ ያወራል። ሰሚው ቢጠራጠር አይከፋውም። "እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር" ብሎ ይቀጥላል።

የአማቱ ታክሲ ግን ወሬ አልሰማ አለችው።

አማቱ ታክሲ ተራው ላይ ካሉት ሾፌሮች ግማሾቹ ጡት ሳይጥሉ መሪ የጨበጡ ሴት ናቸው። መኪናቸውን እንደ ሙሽራ ነው የሚይዟት፤ ኮፈኗ ሲከፈት ሞተሯ እንኳ ያብረቀርቃል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ይህቺ እመቤት ማታ ደኅና ገብታ ጠዋት በግፊያ ትነሣለች። መብረቅ መጀመሪያ ባትሪ ቀየረ፤ አዲሱም ውሎ አድሮ ደከመ። ከዚያ ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አውርዶ ሌላ ገጠመ። እሱም ጠብ አላለም።

የመብረቅ ጋራዥ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት ስለሆነች የሚሠራውም የሚያበላሸውም በምስክር ፊት ነው። ዛሬም አማቱ ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩ፣ እየተገፉ መጥተው በሩ ላይ ገተሯት።

"ስማ" አሉት ወርደው፤ "እስከ ምሳ ሰዓት ካላገኘኸው ከድልድዩ ማዶ ላለው ሰውዬ ነው የምሰጣት።"

"ኧረ እማማ! ሰው ምን ይለኛል?"

"'የገዛ አማቱ ያላመነችውን ማን ያምነዋል' ይልሃላ።"

መብረቅ ኮፈኑን ከፈተ። እውነታቸውን ነው። የአማቱ ታክሲ ድልድዩን ከተሻገረች የቀሩት እንደ በግ ነው የሚከተሏት፤ ያኔ ጋራዡ ውስጥ የሚቀረው እሱና ወሬው ብቻ ነው።

ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልላላም። ሞተሩን አስነሣና የቮልት መለኪያውን ቀይ ሽቦ የዲናሞው መውጫ ላይ፣ ጥቁሩን እንደ ልማዱ ሞተሩ ላይ አሳረፈ። አሥራ አራት ቮልት ከምናምን። እንከን የለውም።

"ዲናሞው እኮ አንበሳ ነው!" አለ።

"አንበሳ ከሆነ ለምን እንደ አህያ ይገፋል?" አሉ አማቱ።

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ቀጮ የሚሉት ከሲታ ሾፌር፣ "መብረቅ፣ ሆስፒታሉን ያበራህበትን ሞተር ብስክሌት አምጣላቸው!" ብሎ ጨመረበት።

አማቱ የሚሠራውን ሊያዩ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። ትከሻቸው ሰፊ ነው፤ መብረቅ ዘወትር ጥቁሩን ሽቦ የሚያሳርፍበትን ቦታ ድፍን አድርገው ጋረዱት።

"እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።"

"አልልም። ዛሬ እጅህን ሳላይ አትነካካም።"

አማት አይገፋ ነገር። መብረቅ ቸገረውና ጥቁሩን ሽቦ የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ አሳረፈው። አሥራ አራት የነበረው ቁጥር ወርዶ አሥራ ሁለት ሆነ።

መብረቅ ዝም አለ። ሚስቱ ብታየው ሐኪም ትጠራ ነበር።

ቀዩን ሽቦ አንሥቶ የዲናሞውን ገላ ነካበት፤ ጥቁሩን እዚያው ኔጌቲቩ ላይ ተወው። ገላውና ኔጌቲቩ በብረትና በገመድ የተያያዙ ስለሆኑ መለኪያው ባዶ ማሳየት ነበረበት። ሁለት ቮልት አሳየ! ዲናሞው አምርቶ ይልካል፤ መንገድ ላይ የሚያስቀር ቀማኛ አለ ማለት ነው።

ሞተሩን አጠፋና ሞተሩን ከመኪናው አካል፣ በአካሉም በኩል ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ገመድ በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። ገመዱ የታሰረበት ቡሎን ያብረቀርቃል። ቡሎኑን ሲፈታው ከሥሩ ያለው ብረትም ብርማ ቀለም ጠጥቷል። ሌላው ሰው የመኪናውን ውጭ ይቀባል፤ አማቱ ግን ከዝገት ጋር ደመኛ ናቸውና ገመዱን ፈትተው፣ የሞተሩን ክፍል በገዛ ብሩሻቸው ቀብተው፣ መልሰው ቀለሙ ላይ አስረውታል። ቀለም ደግሞ ኤሌትሪክ አያሳልፍም።

መብረቅ ቀና አለ። ሾፌሮቹ አንገታቸውን እንደ ሰጎን አስግገዋል። ያ ሁሉ ግፊያና ሹፈት የማን ጥፋት እንደሆነ በአንድ ቃል መናገር ይችላል። ቃሉን ዋጠው። አማቱን ሲያይ እሳቸውም ቡሎኑን አይተዋል፤ ሻርፓቸውን ያለ ምክንያት ያስተካክላሉ።

"ምን አገኘህ?" አለ ቀጮ።

"ምን አገኘሁ መሰለህ! ኤሌትሪኩ ከዲናሞው ተነሥቶ ሲገሰግስ እዚህ ቡሎን ጋ ይደርሳል። ቀና ሲል፣ ቤተ መንግሥት! 'እንዲህ ያማረ ቤት በጭቃ እግሬ አልገባም' ብሎ ደጃፉ ላይ ቁጭ። ብትለምነው እምቢ፣ ብትገፋው እምቢ። ጨዋ ኤሌትሪክ ነው፤ የእማማ ቤት አሳድጎት።"

አማቱ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞከሩ፤ አመለጣቸው። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ወደ ሾፌሮቹ ዞሩ።

"አትስሙት፣ ይዋሻል! ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ መኪናዬን ያስገፋኋትም እኔው። እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ 'ሲያምር' ብላችሁ ሄዳችኋል። ያገኘው ማነው? ይሄ ነው! የልጄ ባል ነው! ያ የድልድይ ማዶው ቢሆን እስካሁን ዲናሞ እየቀያየረ ያስለቅሰኝ ነበር።"

"እኔም እኮ አንድ ቀይሬአለሁ" አለ መብረቅ ቀስ ብሎ። ራሱን ሲያሳንስ የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ዝም በል፤ እያሞገስኩህ ነው።"

ብረቱ ፍንትው እስኪል ፋቀው፣ ገመዱን አጥብቆ አሰረ፣ ሞተሩን አስነሣ። አሁን ባትሪው ራሱ ላይ አሥራ አራት ቮልት ተነበበ። አማቱ ግን በቁጥር ብቻ አልረኩም። መለኪያውን እንደያዘ ከጎናቸው አስቀመጡትና ሽቦዎቹን ከፊት መስታወቱ ሥር እስከ ባትሪው አስዘረጉት። የፊት መብራቱን በጠራራ ፀሐይ አበሩት። ሬዲዮውን ለቀቁት። ዝናብ በሌለበት የመስታወት መጥረጊያውን አስጨፈሩት። ክላክሱን ተጭነው ተራውን መዞር ጀመሩ።

ያ ሁሉ ሸክም ተጭኖበት ቁጥሩ ፍንክች አላለም። ሾፌሮቹ መንገድ ለቀቁ፤ ቀጮ ኮፍያውን አወለቀ። መብረቅ ከመለኪያው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ሊያነበው እንዳጎነበሰ ነው።

"ቀና ብለህ ተቀመጥ እንጂ" አሉት አማቱ መሪውን እየጠመዘዙ፤ "ሰው እያየን ነው።"